ሞላን የከለከልኩት ዱላ

ይህን ስጽፍ እጄ የተለበለበ ቀርከሃ ይሸታል። ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩት፤ አልለቅ አለ። ቅቤ የጠጣ ቀርከሃ እሳት ላይ ሲገላበጥ የሚያወጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ደስ ይላል፣ ዐይንም ያስለቅሳል። ይህ ሽታ ሌላውን ሰው ወዴት እንደሚወስደው አላውቅም። እኔን ወደ ቡሬ ይወስደኛል፤ ወደ አንድ ሜዳና ወደ አንድ ሰው። ሰውየውን ደግሞ ባለፈው ሐሙስ እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘሁት። ሞላ ይባላል።

ዝናቡ ማባራቱ ነበር። በመንገዱና በበሩ መካከል ያለው ቦይ ሞልቶ፣ መሻገሪያ ሳንቃውን ጎርፍ ይዞት ሄዷል። እኔ የደም ግፊት ቀጠሮ ስለነበረኝ ዱላየን ቦዩ መካከል ተክየ ተሻገርኩ፤ በዚህ ዕድሜየም ቢሆን ቦይ አያቆመኝም። ወዲያው ከኋላየ ባጃጅ ቆመና አንድ ሽማግሌ ወረደ። ግራ እግሩን ይጎትታል። ቦዩ ዳር ደርሶ ቆመ። ዱላ አልያዘም። ቀና ሲል ከኔ ቀድሞ እሱ አወቀኝ። “አንተ የጅጋው፣ አንተ ነህ? እስቲ ያችን ዱላህን ወዲህ ወርወር አድርጋት” አለኝ። ማን እንደሆነ የለየሁት ድምፁን ስሰማ ነው። በኛ አገር ደንብ፣ የሞላ ወንዝ በዱላ የተሻገረ ሰው፣ ከኋላው ዱላ የሌለው ሰው ከቆመ፣ ዱላውን መልሶ ይወረውርለታል። ዘመድ ነው ባዳ ተብሎ አይጠየቅም። ደመኛም ቢሆን አይጠየቅም። እኔ ዱላየን በብብቴ ያዝኩና ዞሬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ባጃጅ ነጂው አዝሎ አሻገረው።

እንዲህ ያደረገ አባት ልጆቹን የሚመክርበት አፍ ሊኖረው አይገባም ትሉ ይሆናል። እኔ ግን መካሪ ነኝ፤ ስድስት ልጅ በምክርና በአርጩሜ አሳድጌአለሁ፤ ከቤቴ ሌባም ሰካራምም አልወጣም። ስለዚህ ያደረግሁትን ከነምክንያቱ እጽፈዋለሁ። ራሴን ለማመስገን አይደለም። ራሴን ለመውቀስም ገና አልቆረጥኩም።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ፍኖተ ሰላም ባጃጅ አታውቅም፤ ያለው ጋሪ ነው። በየፈረሱ አንገት ቃጭል ይታሰራል፤ ገበያው ዳር ቆሞ ዐይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ የማን ጋሪ እንደመጣ በድምፁ ይለያል። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፣ ዳቦም አሥር ሳንቲም ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አዝዞ የተቀመጠ ተማሪ ጌታ ነበር። እኛ የገጠር ልጆች አረንጓዴ ቁምጣና ኮንጎ ጫማ ነበረን። ኮንጎ ፀሐይ ሲያገኘው እግር ይቀቅላል፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ እንደ እንቁራሪት ይጮሃል። ባለ ቴትሮን ሸሚዝ ልጅ በመንገዱ ሲያልፍ ዘወር ብለን እናየው ነበር፤ ሸሚዙ አይጨማደድም ይባላል፤ ልጁ ራሱ የማይጨማደድ ይመስለን ነበር። ከጋሪ ማቆሚያው ጥግ ያለችው ሻይ ቤት ባለ ባትሪ ሬዲዮ ነበራት፤ አንድ የመሰንቆ ዘፈን ትደጋግማለች። ግጥሙ ስለ ራቀ ወዳጅ ነበር። ዛሬም ያን ዜማ ስሰማ የሚታየኝ ግን ወዳጅ አይደለም። መንግሥት ይለወጣል ይባል ነበር፤ ተለውጦም ነበር መሰለኝ። የኔ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነበር።

የስፖርት መምህራችን ከሌላ አገር የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። አንድ ክረምት እኛ ከጅጋ በኩል የምንመጣ ተማሪዎች ላህ ወንዝን በዱላ እየዘለልን ስንሻገር አየንና፣ እናንተማ ምርኩዝ ዝላይ ትችላላችሁ አለን። አንችልም ነበር። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው የእንጨቱ መያዝ ብቻ ነው። ወንዝ የሚፈልገው ርቀት ነው፤ ሜዳ ላይ የተሰቀለው አግዳሚ ዘንግ የሚፈልገው ከፍታ ነው። ወንዝ ላይ ዱላህን ከደረትህ ትይዩ አድርገህ ትተክላለህ፣ በክንድህ ትሳባለህ፣ ማዶ ስታርፍም ዱላህ ከእጅህ አይለይም። ዱላውን ወንዝ የወሰደበት ጎረምሳ እስኪያገባ ድረስ ይሳቅበታል። እኔ ይህን ሁሉ ልማድ ይዠ ነው ሜዳ የገባሁት።

ምርኩዙን የሠራልኝ አባየ ነው። እሱ የሚመኘው ቀርከሃ እኛ ዘንድ አይገኝም፤ በእንጅባራ በኩል ካለው ደጋ ነው የሚመጣ። በጥር ወር ሄዶ፣ ሦስት ክረምት ያለፈበትን መርጦ ቆረጠና ስምንት ክንድ ሙሉ በትከሻው ይዞ ሁለት ቀን ተጓዘ። ቅቤ ቀባው፤ እሳት ላይ እያገላበጠ አቀናው፤ አንጓ አንጓውን በእርጥብ የበሬ ጠፍር ጠምጥሞ ጥላ ውስጥ አደረቀው። ጠፍር ሲደርቅ ይጠብቃል፤ ቀርከሃው እንዳይሰነጠቅ እንደ ብረት ቀለበት ይይዘዋል። አባየ ፊደል አልቆጠረም፤ ስፖርት የሚባለውንም ነገር አላየም። ምርኩዙን ሲሰጠኝ ያለኝ አንድ ቃል ነው። “አደራ፣ ከእጅህ እንዳይለይ።”

የዚያ ዓመት የተማሪዎች ውድድር ቡሬ ላይ ነበር። ሞላ የቡሬ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ቴትሮን ሸሚዝ፣ የሸራ ጫማ፣ በሚገባ የተበጠረ ጎፈሬ። ይዘላል፤ ውሸት አልናገርም፣ ከኔ የተሻለ ያውቅ ነበር። ምርኩዙ ግን የባሕር ዛፍ ነበርና ከባድ ነው። የኔ ቀላል ነው፤ ያነሣኛል፤ ገላየ ከዘንጉ አንድ ክንድ ይበልጣል። ግን አለቅቀውም። እኔ ዘንጉን አልፌ ስወርድ ምርኩዙ ተከትሎኝ ይመጣና ዘንጉን ይዞት ይወርዳል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሰዉ ሳቀ፤ ሞላ ግን ሰዉ እስኪሰክን ጠበቀና፣ “ድራችሁለት ነው እንዴ? አልለይም አለ እኮ” አለ። ከዚያ በኋላ የተሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮየ ውስጥ አለ።

እሱ አንደኛ ወጣ፤ እኔ ሁለተኛ። ለጠቅላይ ግዛቱ ውድድር ደብረ ማርቆስ የሚሄደው አንደኛው ነው። ሊሄድ ሲል የውድድሩ ኃላፊዎች ጠሩኝና ለአውራጃችን ክብር ስትል ምርኩዝህን አውሰው አሉኝ። ሞላ በሰው ፊት በአሥራ አምስት ቀን እመልሳለሁ አለ። ሰጠሁት። የአባየን አደራ የበላሁት ያን ቀን ነው፤ ይህን በሞላ ላይ አላሳብብም።

አንድ ወር ጠበቅሁ። ከዚያ በአንድ እሑድ ከጧት ጀምሬ በእግሬ ቡሬ ገባሁ። የሞላ ቤት እህቱ ስትዳር ደረስኩ፤ ግቢው ሙሉ ዳስ ተጥሏል፤ ከበሮው ይደለቃል። ዳሱ በር ላይ ስደርስ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ምሰሶዎች አየሁ። ቀርከሃ ናቸው። ጠፍሩን አወቅሁት፤ የአባየ አጠማጠም በየትም አገር አይጠፋኝም። ከመካከል በመጋዝ ቆርጠው ለሁለት ከፍለውታል። ሞላ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ነበር። አልደነገጠም። “ሠርጉ ይለፍና ትወስዳታለህ፤ ለመቋሚያ ትሆንሃለች፣ ዲያቆን ትሆንባታለህ” አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። እናቱ ደግሞ የማታውቀኝ ደግ ሴት፣ እንግዳ በር ላይ አይቆምም ብላ በእጄ ይዛ አስገባችኝና አስቀመጠችኝ። ወጥ መጣ። በላሁ። በገዛ ምርኩዜ ሥር ቁጭ ብየ የሞላን ድግስ በላሁ። ርቦኝ ነበር።

ለአባየ ሁሉንም ነገርኩት። ሰማኝና፣ “በላህ?” አለ። አዎ አልኩ። “እንጀራውን ከበላህ እንግዲያ ነገሩ አልቋል” አለ። በሱ ሕግ አልቋል። በኔ ግን የበላሁት እያንዳንዱ ጉርሻ ነገሩን አከበደው እንጂ አልጨረሰውም። ልጆቼን ቂም ቤት ያፈርሳል እያልኩ አሳድጌአለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ሐቁን ለመናገር ግን እኔን አሰልጥኖ ሰው ያደረገኝ መምህሩም መጽሐፉም አይደለም፤ ቂም ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቡሬ ሜዳ ላይ፣ በዘመዶቹ ፊት፣ ሞላን ዝቅ ላደርገው ማልኩ።

መጀመሪያ ያደረግሁት የቁጣ ሥራ ነበር። በሐምሌ ዝናብ እንጅባራ ሄጄ ቀርከሃ ቆረጥኩ። ክረምት የተቆረጠ ቀርከሃ ውኃ የጠጣ ነው፤ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ኅዳር ሲገባ ነቀዝ ዱቄት አደረገው፤ ብጫነው እጄ ላይ ተበተነ። ጥር ሲመጣ አባየ ጠዋት ተነሥቶ ሄደ፤ በአራተኛው ቀን ስምንት ክንድ ቀርከሃ ይዞ ተመለሰ።

መምህሩ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ የቀደዳትን ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር፤ ስድስት የሰው ሥዕል አለባት፣ ከሩጫው እስከ መውደቂያው። ጽሑፉ በማላውቀው ቋንቋ ነው። ሥዕሉን ብቻ እያየሁ ራሴን አስተማርኩ። ጤፉ ተወቅቶ አልቆ አውድማው ባዶውን ነበር፤ በእበት የተለቀለቀ ደረቅ መሬት፣ ከዳሩ የጭድ ክምር። ከዚያ የተሻለ ሜዳ ዛሬም አላየሁም። ሩጫየን ምርኩዙ ከሚተከልበት ጉድጓድ ወደ ኋላ ቆጥሬ በአመድ ምልክት አደረግሁበት፤ ዐሥራ አምስት እርምጃ፣ ከዚያ አንድ ጫማ የምታንስ ወይም የምትበልጥ ከሆነ ምርኩዙ ይቀጣሃል። እጄን ከደረቴ ወደ ላይ አወጣሁት፤ ከመነሣቴ በፊት ሁለቱም ክንዶቼ ከራሴ በላይ ተዘርግተው ማለቅ ነበረባቸው። ይህ ብቻ አንድ ወር ፈጀ። መሳቡን ተውኩ፤ ተንጠልጥየ እግሬን እንደ ደወል ምላስ ማወዛወዝን ለመድኩ። አባየ ጭዱን በተንክብኝ፣ በሬዎቹ ምን ሊበሉ ነው እያለ ያጉረመርማል። እኔ እሰበስበዋለሁ፣ መልሸ እበትነዋለሁ።

አምስቱን ሥዕል ቻልኩ። ስድስተኛው እምቢ አለኝ። በስድስተኛው ሥዕል ሰውየው ባዶ እጁን ነው፤ ምርኩዙ ቀጥ ብሎ ወደመጣበት ይወድቃል። የኔ ጣቶች አይከፈቱም። ልቀቅ እላቸዋለሁ፤ እዚያ ላይ ስደርስ እንደ ጠፍር ይጠብቃሉ።

በግንቦት መግቢያ ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ ላህ ሞላ። ከገበያ ስንመለስ አባየ ቀድሞ በዱላው ተሻገረ፤ ከኋላችን ጥላ የያዙ አንድ ቄስ ደርሰው ቆሙ። አባየ ዘወር አለና ዱላውን በሁለት እጁ ከደረቱ ወደፊት ገፍቶ ለቀቀው። ዱላው ሳይጋደም፣ ቆሞ እንደሄደ ቄሱ እጅ ገባ። ከልጅነቴ ጀምሮ መቶ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። ያን ቀን ግን የአባየን እጅ አየሁ። የስድስተኛው ሥዕል እጅ ነው። “እንዴት ነው የሚለቀቀው?” አልኩት። ጥያቄው ገረመው። “ዱላ ለመሬት አይጣልም” አለ፤ “ለሰው ነው የሚሰጥ። ከኋላህ ሰው እንዳለ ካሰብክ እጅህ ራሱ ያውቃል።”

በማግሥቱ አውድማው ላይ ከኋላየ ሰው አቆምኩ፤ በሐሳቤ ማለቴ ነው። ሞላን አቆምኩት። ልሰጠው አይደለም። ዘንጉን ሳልፍ ምርኩዙን በግንባሩ ልተክለው ነው። ጣቶቼ ተከፈቱ። ምርኩዙ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጊዜም ዘንግ ይዤ ወርጄ አላውቅም።

ቡሬ ላይ አባየ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያየኝ መጣ። ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከገመዱ ውጭ ቆመ። መጀመሪያ ስዘልና ምርኩዜ መሬት ላይ ወድቆ ሲጮህ ፊቱን አዞረ፤ በሰው ፊት የልጁ ዱላ ወደቀ። በሁለተኛው ዝላይ ማንንም ሳያስፈቅድ ገመዱን አልፎ ገባና፣ ምርኩዙ ከእጄ ሲወጣ መሬት ሳይነካ ቀለበው። ኃላፊዎቹ ሽማግሌ ነው ብለው ተውት። ከዚያ በኋላ በያንዳንዱ ዝላይ ከሥር ቆሞ ይቀልብልኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት የለም።

እኔና ሞላ ብቻ ቀረን። ዘንጉ ሦስት ሜትር ላይ ወጣ። ሞላ ሮጦ ሲተክል ባሕር ዛፉ ተሰነጠቀና እሱ በደረቱ ወደቀ። አልተጎዳም። ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ፤ ገና ሁለት ዕድል አለው፣ ምርኩዝ ግን የለውም። መምህሬ ወደኔ መጣና አውሰው አለኝ። ሞላም ራሱ መጣ፤ አባየ አጠገቤ ምርኩዙን ይዞ እንደቆመ፣ “እባክህ” አለ። እስከዚያ ድረስ ከአፉ ሰምቼው የማላውቀው ቃል ነው። ምርኩዙን ከአባየ እጅ ተቀበልኩ። “የኔ እንኳ ለዳስ ምሰሶ ነው የሚሆን፤ ለዝላይ አይሆንም” አልኩት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የዳሱ ዕለት የነበሩት ሁሉ እንዲሰሙ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሞላ በገዛ አገሩ ባዶ እጁን ቆሞ ጆሮው ቀላ። ጣፋጭ ነበር። ማር ነበር ብል አልዋሽም፤ ከዚያ ወዲህ የበላሁት ማር ሁሉ አንሶብኛል።

ሮጥኩ፣ ተከልኩ፣ ሦስት ሜትሩን አለፍኩት። ምርኩዙ ከኋላየ መሬት ላይ ወድቆ ጮኸ። ስነሣ አባየ ከቦታው የለም።

ሽልማቴ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርና እስክርቢቶ ነበር። አባየን ከጋሪዎቹ ዘንድ አገኘሁት። በእግራችን ተመለስን። ላህ ወንዝ ዳር ሲደርስ፣ “ወንዝ ዳር ቆሞ የለመነህን ሰው ዱላ ከለከልከው?” አለኝ።

“ወንዝ የት ነበር፣ አባየ?”

“ነበር” አለ። ስለዚህ ነገር እስኪሞት ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ደብረ ማርቆስ ሄጄ አምስተኛ ወጣሁ። ከዚያ ዘመኑ ተረበሸ፣ ትምህርቱም ስፖርቱም ቀረ፤ እኔ በመጋዝና በመላጊያ እንጀራየን አገኘሁ። ሞላ ቡሬ ሱቅ ከፈተ ሲባል ሰማሁ። አንዳንድ ጊዜ በለቅሶ ቤት ከሩቅ አየው ነበር፤ ሰላምታ ተለዋውጠን አናውቅም። ዕድሜ ቂምን ያስረጀዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። ቂም እንደ ጠፍር ነው፤ ሲደርቅ ይጠብቃል።

አሁን የመጨረሻ ልጄ የውብዳር ምርኩዝ ዘላይ ሆናለች። እኔ ሂጂ አላልኳትም፤ ትምህርት ቤቷ አንድ ያረጀ የፋይበር ምርኩዝና ፍራሽ አለው፤ ራሷ ጀመረችው። ቅዳሜ ሜዳ ሄጄ አየኋት። እጇ ጥሩ ነው፣ ሩጫዋም ጥሩ ነው። ምርኩዙን አትለቅም። ሦስት ጊዜ ዘንጉን ይዛው ወረደች፤ እኔ ዘንድ መጥታ ቁጭ አለች። አባየ የነገረኝን ነገርኳት፤ ለመሬት አይጣልም፣ ከኋላሽ ሰው እንዳለ አስቢ አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ “አንቱስ አባየ፣ ማንን ያስቡ ነበር?” አለችኝ።

ልጆቼን ዋሽቻቸው አላውቅም። ሞላን ነው አልኳት፤ ግንባሩን ልሰብረው። ሐሙስ ቦዩ ዳር ያደረግሁትንም ነገርኳት። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። “እኔ ጠላት የለኝም፤ አንቱ ይቁሙልኝ” ብላ ተነሣች። ሄጄ ከዘንጉ ወዲህ ከሥር ቆምኩ። ዘለለች፤ ዘንጉን አለፈች፤ ምርኩዙ ቀጥ ብሎ ወደኔ መጣ። ቀለብኩላት። መዳፌን አመመኝ።

በማግሥቱ ቡሬ ገበያ ሄጄ ቀርከሃ ገዛሁ፤ በጥር የተቆረጠ መሆኑን ሻጩን አስምየ። ዛሬ ቅቤ ቀብቼ ለበለብኩት፤ አንጓውን በጠፍር ጠመጠምኩት። ርዝመቱ እግሩን ለሚጎትት ሽማግሌ ልክ ነው። ባጃጅ ነጂውን ጠይቄዋለሁ፤ ሞላ በየሐሙሱ ለሕክምና ይመጣል። ቦዩ እንደሞላ ነው፤ ሳንቃውን እስከ አሁን የመለሰው የለም። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ዱላው በሩ ጀርባ ቆሞ ይደርቃል። ነገ እወረውርለታለሁ፤ ቆርጫለሁ። ግንባሩን እንዳልመታው ግን ዋስ አልጠራም።